ሰም ላይ የቀረ ድምፅ

አያቴ ቴፕ ፊት ከመቀመጧ በፊት ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። መቀነቷን ጠበቅ፣ ሻሿን ቀና ታደርጋለች። ቤት ውስጥ ከእኛ ከልጆች በቀር ማንም የለም። ቢሆንም የሚያያት ሰው ያለ ይመስል ተሰናድታ ነው የምትቀርበው።

እማማ ነበር የምንላት። ማንበብና መጻፍ አልተማረችም። ልጇ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሰፈራችን ውስጥ ስልክ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። የውጭ ጥሪ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ የሚላከው ካሴት ነው። ከጅዳ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ካሴቱ ከሽቶና ከሳሙና ጋር ተጠቅልሎ ይደርሰናል። ገና ጥቅሉ ሲፈታ ቤቱ በመዓዛው ይሞላል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይሰማል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ይለቀሳል፣ ይሳቃል። በሳምንቱ መልሱ ይቀዳል።

መልሱ የሚቀዳው እዚያው ካሴት ላይ ነው። አዲስ ካሴት እንግዛ ያለ ሰው አላስታውስም። በአክስቴ ድምፅ ላይ የእማማ ድምፅ ይቀዳበታል። ካሴቱ ጅዳ ሲመለስ ደግሞ በእማማ ድምፅ ላይ የአክስቴ። ያ አንድ ካሴት ቀይ ባሕርን ስንት ጊዜ እንደተሻገረ እንጃ።

የእኔ ሥራ ቁልፍ መጫን ነበር። ቀዩን ቁልፍና የማጫወቻውን ቁልፍ በሁለት ጣት እኩል መጫን ያስፈልጋል። አንዱ ከቀደመ አይቀዳም። ቁልፉ ቀጭ ሲል እማማ ወደ ቴፑ ጠጋ ትላለች። ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። «እንደምን አለሽ ልጄ?» ትላለች። ከዚያ ዝም። መልሱን ትጠብቃለች። እኔ ካሴቱ እንዳያልቅ እየቸኮልኩ «ቀጥዪ እማማ፣ አሁን እኮ አትሰማሽም» እላለሁ። እሷ እጇን አንስታ ታስቆመኛለች። ሰው ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ይቀጥላል እንዴ?

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የዳግማዊ ምኒልክ ድምፅ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝና ስልኬ ላይ ከፍቼ ሰማሁት። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል፤ ኢንተርኔት ላይ አለ። መጀመሪያ የሚሰማው ቡና ሲቆላ የሚመስል መንጣጣት ነው። ከዚያ ከሱ ሥር፣ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጠራ ሰው ድምፅ ይመጣል። ቃላቱ ሁሉም አይያዙም። የንግግሩ ቅላጼ ግን ይያዛል። አንድ የሸዋ ሰው ረጋ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ፣ እሩቅ አገር ላለ ሰው ሰላምታ እያቀረበ እንደሆነ ይገባችኋል። እኔ የመጣብኝ የእማማ አነጋገር ነው። ተነሥቼ መብራት አበራሁ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ያንን ድምፅ ስለቀዳው ማሽን፣ ስለ ፎኖግራፍ፣ ያላነበብኩት የለም ማለት ይቻላል።

ማሽኑ የተፈጠረው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው። እሳቸው እንግሊዝን የገዙት ከ1837 እስከ 1901 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ከዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹ 25 ዓመታት ለብቻቸው ቢወሩ ይበቃሉ። ጆሴፍ ስዋን ኒውካስል ውስጥ አምፖል አበራ። ቻርልስ ፓርሰንስ በ1884 የእንፋሎት ተርባይን ሠራ፤ ዛሬም የዓለማችን ኤሌክትሪክ ብዙው የሚመነጨው በእንፋሎት ተርባይን ነው። በ1895 ጀርመን ውስጥ ራጅ ተገኘ። በ1896 ወጣቱ ማርኮኒ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍበትን መሣሪያ ይዞ ለንደን ገባ። አንድ ሰው በሻማ ብርሃን ተወልዶ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ያረጀበት ዘመን ነው።

ሁሉም ትልልቅ ነገሮች ናቸው። እኔን ግን እንደ ፎኖግራፍ የነካኝ የለም። አምፖል ሌሊቱን አስረዘመልን፤ ተርባይን ጉልበት ሰጠን። ፎኖግራፍ የሰውን ትንፋሽ ያዘ። ከሱ በፊት የሞተ ሰው ተናግሮ አያውቅም ነበር። ፎቶውን ማየት፣ ደብዳቤውን ማንበብ ይቻላል። ሲያስል መስማት ግን አይቻልም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ1877 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ነው። ቶማስ ኤዲሰን አንድ የናስ በርሜል አሠራ። ክንድ የማይሞላ ትንሽ በርሜል ናት። ዙሪያዋን እንደ ብሎን ጥርስ ተቦርቡራለች። በላይዋ ላይ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ስስ ብርማ ወረቀት ይጠቀለላል። በእጅ እየዘወሩ አፍን አስጠግቶ መናገር ነው። ድምፅ ማለት የአየር መንቀጥቀጥ ነው። አየሩ ስስ ቆዳ መሰል ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑ ሥር ያለው መርፌ ወረቀቱን ይወጋል። ጠንከር ስትል ጠለቅ፣ ቀስ ስትል ቀለል አድርጎ። መርፌውን ወደ መነሻው መልሶ እንደገና ሲዘውሩት ጉድጓዶቹ መርፌውን፣ መርፌው ሽፋኑን፣ ሽፋኑ አየሩን ያንቀጠቅጣል። በቃ ይኸው ነው። ኤሌክትሪክ እንኳ የለበትም። አንድ ጎበዝ ብረት ሠሪ ከመቶ ዓመት በፊትም ሊሠራው ይችል ነበር፤ ግን ማንም አልሠራውም። ይህን የሠራው ኤዲሰን ደግሞ ጆሮው በደንብ የማይሰማ ሰው ነበር።

በ1878 ኤዲሰን ማሽኑ ለምን ለምን እንደሚጠቅም ዘርዝሮ አንድ መጽሔት ላይ ጻፈ። ዝርዝሩን ሳነብ ደነገጥኩ። ሙዚቃ አለበት፤ አንደኛ ግን አይደለም። አንደኛው ደብዳቤ ነው። ሰው ደብዳቤውን ተናግሮ እንዲልክ። ከዚያ ለዓይነ ስውራን የሚነበብ መጽሐፍ። ዝቅ ብሎ ደግሞ የቤተሰብ መዝገብ ይላል፤ የዘመድን ድምፅና የሚሞት ሰው የመጨረሻ ቃሉን ማቆየት። እማማ ስለ ኤዲሰን ሰምታ አታውቅም። ማሽኑን ግን እሱ መጀመሪያ ላሰበው ሥራ ነበር የተጠቀመችበት።

ብርማው ወረቀት ችግር ነበረበት። ጥቂት ጊዜ ከተሰማ ይተረተራል። ኤዲሰንም ወደ አምፖሉ ዞረና ማሽኑን አሥር ዓመት ያህል ተወው። ሰም ያመጡት ሌሎች ናቸው። የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ዋሽንግተን ውስጥ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ፣ የአጎቱ ልጅ ቺቸስተር ቤልና ቻርልስ ቴይንተር ወረቀቱን ትተው የካርቶን ቱቦ በሰም ቀቡ። መርፌው መውጋቱ ቀርቶ መቅረጽ ጀመረ። በ1886 ፈቃዱን አገኙ። ኤዲሰን ይህን ሲሰማ ተመልሶ ገባበት፤ በ1888 ሙሉ በሙሉ ሰም የሆነውን ሲሊንደር ይዞ ብቅ አለ።

ሰም ስል የጧፍ ሰም እንዳይመስላችሁ። የነቤል ከመሬት የሚወጣ የማዕድን ሰም ነው። የኤዲሰን ደግሞ እየተሻሻለ ሄዶ ከሳሙና ጋር የተዛመደ ጠንካራ ነገር ሆነ። ቀለሙ ቡናማ ነው። መጠኑ ከሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም፤ እጅ ውስጥ ይገባል። አንዱ ሲሊንደር የሚይዘው ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ጣት አይነካውም። ሁለት ጣት ውስጡ አስገብቶ ወጠር በማድረግ ነው የሚያዘው፣ ልክ ሊጥ የነካው ሰው ብርጭቆ እንደሚያነሣው።

አንድ ነገር ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰሙ ይላጭ ነበር። የተቀዳው ካላስፈለገ ማሽኑ ላይ ያለው ስለት የላዩን ስስ ሽፋን ይልጠዋል። እንደ አናጢ ፍቅፋቂ ጥቅልል እያለ ይወድቃል። ሲሊንደሩ እንደገና ንጹሕ ይሆንና ሌላ ድምፅ ይቀዳበታል። ስንት ሰው ስንት ነገር ተናግሮ ወለል ላይ ተጠርጎ ወጥቷል! ይህን ሳነብ ያ ቀይ ባሕርን የሚመላለሰው ካሴታችን መጣብኝ። እኛም ስንልጥ ነበር የኖርነው።

ኤዲሰን ማሽኑን ወደ እንግሊዝ የላከው ለወኪሉ ለኮሎኔል ጆርጅ ጉሮ ነው። ጉሮ ደቡብ ለንደን፣ አፐር ኖርዉድ በሚባል ሰፈር ይኖር ነበር። በሰኔ 1888 ከማሽኑ ጋር አንድ ሲሊንደር በመርከብ መጣለት። ሲሰማው የኤዲሰን ድምፅ ነው። ደብዳቤ ነበር። አትላንቲክን ተሻግሮ የመጣ የድምፅ ደብዳቤ። ያን ቀን እዚያ ቤት የነበሩ ሰዎች ፊታቸው ምን ይመስል ይሆን? እኔ ማሰብ የምችለው የእኛን ቤት ነው፤ የአክስቴ ድምፅ መጀመሪያ ከቴፑ ሲወጣ ጎረቤታችን እትዬ አማትበው ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ ሰኔ 29፣ ከጉሮ ቤት ቅርብ ርቀት ላይ በነበረው ክሪስታል ፓላስ በሚባል የመስታወት አዳራሽ ትልቅ የመዝሙር በዓል ነበር። 4,000 ያህል ዘማሪ እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ የሚያወሳውን የሐንደልን ሥራ ዘመረ። ፎኖግራፉን ወደ 90 ሜትር ርቀት ላይ አቁመው ቀዱት። ሲሊንደሮቹ ዛሬም አሉ። ሰምቼዋለሁ። ከመንጣጣቱ ኋላ የሚመጣው ነገር ከሩቅ ደብር በነፋስ እንደሚደርስ ማሕሌት ነው። ቃል የለውም፤ ከፍና ዝቅ ማለቱ ብቻ ይሰማል። 4,000 ሰው! አሁን አንዳቸውም የሉም። ትንፋሻቸው ግን አለ።

በጥቅምት ጉሮ ታላላቅ ሰዎችን እራት ጋበዘና አስተያየታቸውን ለኤዲሰን በድምፅ እንዲልኩ አደረገ። የሙዚቃ ደራሲው አርተር ሳሊቫን አንዱ ነበር። በማሽኑ ተደንቄአለሁ፣ ደንግጬማለሁ አለ፤ ያስደነገጠኝ ይህ ሁሉ መጥፎ ሙዚቃ ለዘላለም ሊቀመጥ መሆኑ ነው ብሎ። ልክ ነበር። ግን ሙዚቃ ብቻ ስላሰበ ነው። የሚቀመጠው ምን እንደሆነ ከሱ የተሻለ ያሳየን አንድ ሽማግሌ ገጣሚ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 1889 ሮበርት ብራውኒንግ ሠዓሊ ወዳጁ ሩዶልፍ ሌማን ቤት ተጋብዞ ነበር። ማሽኑ መጣ፤ ግጥም አንብብልን አሉት። የታወቀ ግጥሙን በቃሉ ጀመረ። ፈረሶች ሲጋልቡ የሚያሳይ ፈጣን ግጥም ነው። ጥቂት ስንኞች እንደሄደ ጠፋበት። ቆመ። ይቅርታ፣ የገዛ ግጥሜን ማስታወስ አቃተኝ አለ። ግን ይህ ድንቅ ማሽን ያሳደረብኝን ስሜት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም ብሎ ጨመረ። በዙሪያው ያሉት እልል እንደማለት ጮኸው አሞገሱት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቬኒስ ውስጥ ሞተ። በሙት ዓመቱ ወዳጆቹ ለንደን ተሰብስበው ያንን ሰም አሰሙት።

ግጥሙ በመጽሐፍ ታትሞ አለ። ማንም ገልጦ ያነበዋል። መጽሐፉ የማይሰጠን አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌው የራሱ ቃል ሲጠፋበት። መደንገጡ፣ መሳቁ፣ ማፈሩ። እኔ ያንን ቅጂ ከመላው ግጥሙ እመርጠዋለሁ። ምነው ቢጨርሰው የሚሉ አሉ። እኔስ እንኳን ጠፋበት እላለሁ።

ሌላዋ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። ነርስነትን ሙያ ያደረገችው ሴት። ሐምሌ 30 ቀን 1890 ለንደን መኖሪያ ቤቷ ድረስ ማሽኑን ወሰዱላት። 70 ዓመቷ ነው፤ ብዙ ጊዜዋን አልጋ ላይ ነበር የምታሳልፈው። ነገሩ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ነበር። በ1854 ክሪሚያ ውስጥ፣ ባላክላቫ ላይ፣ በተሳሳተ ትእዛዝ ወደ መድፍ የጋለቡት ፈረሰኞች ነበሩ። የተረፉት አርጅተው ተቸግረዋል። አገሩ በግጥም ያሞግሳቸዋል እንጂ የሚያጎርሳቸው አልነበረም። እሷ ለእነሱ ተናገረች። መታሰቢያ እንኳ ሳይኖረኝ ስም ብቻ ስቀር፣ ድምፄ የሕይወቴን ሥራ ያቆይልኝ ይሆናል አለች። የባላክላቫ ጓዶቼን እግዚአብሔር ይባርክ፣ በሰላም ወደ ዳር ያድርሳቸው ብላ መረቀች። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ የሚያስቀምጥ ድምፅ ነው። እንደ ምርቃት ነው የሚሰማው። ከሱ በኋላ ዝም ብላችሁ አሜን ማለት ያምራችኋል።

ስለ እነዚያው ፈረሰኞች የጻፈው ቴኒሰንም በዚያ ዓመት ግጥሙን በራሱ አንደበት ቀድቷል። የሱን ሲሊንደሮች ሙቀት ጎዳቸው። ሰም ነውና ሙቀት አይወድም። ድምፁ እየመጣ ይሄዳል፣ ይንቀጠቀጣል። ሰምቼ መጨረስ አልቻልኩም።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ።

ከደቡብ እንግሊዝ ዳርቻ ፊት ለፊት ዋይት የምትባል ደሴት አለች። ንግሥት ቪክቶሪያ እዚያ ኦዝቦርን የሚባል ቤት ነበራቸው። ግራሃም ቤል በጥር 1878 ስልኩን ያሳያቸው እዚያ ነው። ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻቸው ላይ ድምፁ ደከም ያለ ነው፣ ጆሮ ማስጠጋት ይጠይቃል ብለው ጻፉ። ሃያ ዓመት አለፈ። በነሐሴ 1898፣ በ79 ዓመታቸው፣ እዚያው ቤት ፎኖግራፍ ፊት ቀረቡ። የሚናገሩት ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ነበር።

ነገሩ ፖለቲካ ነው፤ ልደብቀው አልፈልግም። አድዋ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። እንግሊዝ በሱዳን ጦርነት ላይ ናት፤ ኢትዮጵያ ከጠላቶቿ ጋር እንዳትቆም ትፈልጋለች። በ1897 ሬኔል ሮድ የሚባል መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ውል ተዋውሏል። ከዚያ ጆን ሃሪንግተን ወኪል ሆኖ ተሾመ። ያንን ሰም ይዞ የመጣው እሱ ነው። ንግሥቲቱ የተናገሩት አጭር ነው። ለጤናዎ እንዴት ነዎት የሚል ሰላምታ፣ ለመልእክተኞቼ ስላደረጉት አቀባበል አመሰግናለሁ የሚል ምስጋና፣ ለእርስዎና ለእቴጌ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ፣ የሁለታችን አገር ወዳጅነት ይጨምር የሚል ቃል። አንድ ነገር ግን አጥብቀው አስጠነቀቁ። ከተሰማ በኋላ ሰሙ እንዲጠፋ።

ሃሪንግተን እንደዘገበው ምኒልክ ድምፁን ደጋግመው ሰሙት። መድፍ አስተኮሱለት። ሲሰሙትም ቆመው ነው።

እዚህ ላይ ነው የእማማ ነጠላ የመጣብኝ። ምኒልክ ማሽን መሆኑን አጥተውት አይደለም። ለአዲስ ሙያ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣላቸው ውስጡን ካላየሁ የሚሉ ንጉሥ ነበሩ። የቆሙት ለማሽኑ አይደለም። ንግሥት እየተናገረች ተቀምጦ መስማት ነውር ስለሆነ ነው። እማማም ካሴቱ እንደማያያት ታውቃለች። ግን ከልጇ ጋር ልትነጋገር ነው፤ ልጇ ፊት ደግሞ ሻሿ ተጣሞ አትቀርብም። አንዳንድ የፈረንጅ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ነገር እንደ የዋህነት ያወሩታል። ያናድደኛል። የኤዲሰን ፈጠራ ምን እንደሆነ በደንብ የገባቸው እነዚህ ናቸው ባይ ነኝ። ሰም ውስጥ ያለው ሰው ነው። ለሰው ደግሞ ይነሡለታል።

ሃሪንግተን እንደታዘዘው ሰሙን አጠፋው። የንግሥቲቱ ድምፅ ቀረ።

ምኒልክና ጣይቱ ግን መለሱ። በ1899 እሳቸውም እቴጌይቱም ፎኖግራፍ ፊት ቀርበው ለንግሥቲቱ መልስ ቀዱ። ይህ ሊሆን የቻለው ማሽኑ የሰም በመሆኑ ነው። ኋላ ገበያውን የያዘው፣ እኛ ሸክላ የምንለው ጠፍጣፋው ዲስክ፣ ቤት ውስጥ አይቀዳም፤ ማዳመጥ ብቻ ነው። የሰሙ ማሽን ግን ያሰማል፣ ይሰማል። ተናግሮ ጆሮውን የሚሰጥ ማሽን ነበር። ከቪክቶሪያ ዘመን ፈጠራዎች መካከል ይህን ያህል እንደ ሰው የሆነ አላውቅም። የላኪዋ ጠፍቶ የመላሾቹ ቀረ። ሌሊት ስልኬ ላይ የሰማሁት እሱን ነው።

ስለዚያች ደሴት አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ በኋላ፣ በ1868፣ በ7 ዓመቱ ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው እዚያው ኦዝቦርን ነው። በዚያው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ፎቶ አንሺ ፎቶ አነሣችው። ፎቶው አለ። ዓይኖቹን ያየ ሰው አይረሳቸውም። በ1879 ሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። ብርማ ወረቀት የሚጠቀለልባት የኤዲሰን ማሽን ለንደን የገባችው በ1878 መጀመሪያ ነበር። ልጁ በሕይወት ነበር። መልኩ ቀረልን፣ ድምፁ አልቀረም። በመጨረሻ ዓመቶቹ አማርኛ በአንደበቱ ምን ያህል ቀርቶ ይሆን ብዬ አስባለሁ። አንድ ሰው አንዲት ቃል ቢቀዳለት ኖሮ።

የሰም ነገር ከተነሣ ላይቀር ይህንንም ልበል። አንዱን ሲሊንደር ማባዛት ለብዙ ዓመት ከባድ ነበር። ዘፋኝ ያንኑ ዘፈን ቀኑን ሙሉ እየደጋገመ ይቀዳ ነበር። በ1902 የኤዲሰን ሰዎች መላ አገኙ። አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ወርቅ አተነኑና የተቀረጸው ሰም ላይ እንደ ጤዛ አሳረፉት። ወርቁ የድምፁን ጉድጓድ ሁሉ ሳያበላሽ ለበሰው፤ በዚያ ላይ ብረት አለበሱና ቅርጽ ማውጫ ሠሩ። ቅኔ ስንማር ሰምና ወርቅ ከወርቅ አንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው ተብለናል። ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ቦታውን ይወስዳል። እነዚያ ሰዎች ቅኔ አያውቁም። እጃቸው ግን እዚያው ደረሰ። ይህን ያነበብኩ ቀን ለማን ልንገር ብዬ ስልክ ማማረጥ ጀመርኩ።

ወደ ካሴታችን ልመለስ።

እማማ የመጨረሻ መልሷን የቀዳችው በግንቦት ነው። እንደ ልማዷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንደ ልማዷ እየጠየቀች እያቋረጠች። ካሴቱ ተጠቅልሎ ተዘጋጀ፤ ወሳጅ ግን ጠፋ። እሄዳለሁ ያለው ሰው ቀረ፣ ሌላ ሲጠበቅ ክረምት ገባ። እማማ ፍልሰታ ሳይፈታ አረፈች።

አክስቴ የደረሰችው ለአርባዋ ነው። 12 ዓመቴ ነበር። ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ማታ ካሴቱን ከቁም ሳጥን አወጣሁት። ክሩ ላልቶ ስለነበር በቢክ እስክሪብቶ አጠነጠንኩት። አክስቴ ምን እንደሆነ ስታውቅ ምንም አልተናገረችም። ተነሥታ ጥቁር ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ቴፑ ፊት ተቀመጠች።

ቁልፉን ተጫንኩ። ትንሽ ተንጣጣ። የእማማ ጉሮሮ ተጠረገ።

«እንደምን አለሽ ልጄ?»

ዝም።

«ደህና ነኝ እማዬ» አለች አክስቴ።

«ጤናሽስ? ሥራው አልከበደሽም?»

«አልከበደኝም።»

«ምግብስ? እዚያ አገር ጾም ትጾሚያለሽ ወይስ ተውሽ?»

አክስቴ አፏን ከፈተች። መልሱ ቶሎ አልመጣላትም። በዚያ መሐል ከቴፑ ውስጥ የራሴ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ የቸኮለ። «ቀጥዪ እማማ፣ ካሴቱ ያልቃል» ይላል።

አክስቴ እጇን አነሣች። ልክ እንደ እማማ። ቶሎ ብዬ ቴፑን አቆምኩት። እሷ መልሳ እስክትጨርስ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።